ቀይ ሽብር «ዘር ማጥፋት» መባሉ ትክክል ነበር ወይ? ሐዋሳ ላይ የተነሣ ጥያቄ

የታቦር ጠበቃ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና ሥራ እተዳደራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ጋር ሐይቁ ዳር ካለ ሻይ ቤት እየተገናኘን አንድ አንድ ፍርድ እናነባለን። ባለፈው ቅዳሜ ተራው በእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መዝገብ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ነበር። ገና ንባቡን እንደጀመርን አምና የተመረቀ አንድ ወንድማችን «እነዚህ ሰዎች የተገደሉት ኢሕአፓ ናችሁ፣ መኢሶን ናችሁ፣ አድኃሪ ናችሁ ተብለው ነው፤ ታዲያ ፍርዱ ስለ ምን ዘር ማጥፋት ይለዋል?» ብሎ ጠየቀ። ሻይ ቤቱ ወንበር መሰብሰብ እስኪጀምር ድረስ ተከራከርን፤ አልተግባባንም።

ለማያውቁት መነሻውን ልናገር። ክሱ የቆመው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ ዘር ማጥፋትን ከሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንድ ቃል ይሰፋል፤ በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት ከተሳሰሩ ቡድኖች በተጨማሪ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቃል። ስለዚህ ኢሕአፓን እንደ ቡድን ለማጥፋት አስቦ የገደለ ሰው በአገራችን ሕግ «ዘር አጥፊ» ነው። የእኔ አቋም ፍርዱ በጊዜው በነበረው ሕግ ሲመዘን ትክክል ነው የሚል ነው። ነገር ግን ያ አንቀጽ ለሁሉም ነገር ስለበቃን ሌላ ሕግ ሳናወጣ ቀረን፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ውስጥ ዘር ማጥፋት በአንቀጽ 269፣ የጦር ወንጀል ደግሞ ከአንቀጽ 270 ጀምሮ ተደንግገው ሳሉ፣ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ከተከፈቱት ታላላቅ የክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ጭራሹን የለም። ሐሳባችሁን እሻለሁ፤ በተለይ በዚያን ጊዜ ችሎት ውስጥ የነበራችሁ ብትኖሩ።

ጥያቄ አቅራቢው

ጠያቂው እኔ ነኝና ራሴን ልከላከል። ተከሳሾቹ ንጹሕ ናቸው አላልኩም። ያልኩት ወንጀሉ በስሙ ይጠራ ነው። «ጄኖሳይድ» የሚለውን ቃል ፖላንዳዊው የሕግ ሊቅ ራፋኤል ለምኪን እ.ኤ.አ. በ1944 ከግሪክና ከላቲን ሲያዋቅረው የመጀመሪያው ግማሽ ነገድ፣ ወገን ማለት ነበር። እርግጥ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1946 ባወጣው ውሳኔ የፖለቲካ ቡድኖችም ተጠቅሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1948፣ ስምምነቱ ሲጸድቅ ግን ወጥተዋል። ያወጣቸው የመንግሥታት ድርድር ነው፤ ተቃዋሚዎቻቸውን የሚያስሩ መንግሥታት ነገ በዚህ ስም እንዳይከሰሱ መፍራታቸው አንዱ ምክንያት ነበር። ምክንያቱ የሚያኮራ ባይሆንም ውጤቱ ሕግ ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ። ያው ቀይ ሽብር ዘ ሄግ ላይ ሲዳኝ ስሙ ተለወጠ። የሆላንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረን ሰው ዕድሜ ልክ ሲፈርድበት፣ ከክሱ ዋነኛ የሆነው በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የ75 እስረኞች መገደል ነበር፤ የተፈረደበትም በጦር ወንጀል ነው። ዐቃቤ ሕጉ በአገሪቱ ውስጥ የትጥቅ ግጭት እንደነበረና እስረኞቹም በጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 የሚጠበቁ እንደነበሩ ማስረዳት ነበረበት። አንድ ግድያ አዲስ አበባ ላይ ዘር ማጥፋት፣ ዘ ሄግ ላይ የጦር ወንጀል ከተባለ፣ አንዳችን ስም ተሳስተናል ማለት ነው።

መምህርት ከዩኒቨርሲቲ

ወንድሜ፣ ማንም አልተሳሳተም። ዓለም አቀፉ ስምምነት ዝቅተኛውን ወለል ነው የሚያስቀምጠው፤ አገሮች በራሳቸው ሕግ ጣሪያውን ከፍ ቢያደርጉ የሚከለክላቸው የለም። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 ከማንም ቀድማ ያጸደቀች አገር ስትሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወንጀል ሕጓን ስታወጣ የፖለቲካ ቡድንን የጨመረችው አውቃ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት ጠበቆች ይኸው ያንተን ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርገው በ1987 ዓ.ም. አቅርበውት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም የአገር ውስጥ ሕግ ከስምምነቱ የሰፋ ጥበቃ ሊሰጥ ይችላል ብሎ ውድቅ አድርጎታል።

ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ጠንካራ ክርክር በ1999ኙ ፍርድ ውስጥ ያለው የልዩነት ሐሳብ ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ፣ ደርግ ራሱ ባወጣቸው አዋጆች የፖለቲካ ቡድኖች ጥበቃ ተሽሯል፤ ስለዚህ ተከሳሾቹ ሊጠየቁ የሚገባው በአንቀጽ 522 በከባድ ግድያ ነው ብለዋል። እኔ ይህን ሐሳብ አልቀበለውም፤ ገዳይ የገዛ አዋጁን ጋሻ አድርጎ እንዲቆም ይፈቅድለታልና። ሆኖም ተማሪዎቼ ከአብላጫው ፍርድ ይልቅ እሱን እንዲያነቡ አዝዛለሁ፤ ምክንያቱም ሕግ ያልከለከለው አያስቀጣም የሚለው የሕጋዊነት መርህ የሚፈተነው የምንጠላው ሰው ተከሳሽ በሆነ ጊዜ ነው።

ጠበቃው ያነሡት ሁለተኛ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መውሰድ፣ ሰውን በአስገዳጅ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ማለፍ፣ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይናገራል። ይርጋና ምሕረት መከልከል ግን ወንጀልን ማቋቋም አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲጽፍ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮችና ቅጣቱን የሚያሳይ አንቀጽ መጥቀስ አለበት፤ «በሲቪል ሕዝብ ላይ የተቃጣ፣ የተስፋፋ ወይም ሥርዓት ያለው ጥቃት» የሚለው፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት ትርጓሜ በእኛ ሕግ ውስጥ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ታጣቂ ቡድን፣ ወይም አንድ የመንግሥት አካል፣ ከጦርነት ውጭ ሰዎችን በጅምላ ቢገድል፣ ዐቃቤ ሕግ አንድም ቡድንን የማጥፋት ልዩ ሐሳብን ማስረዳት አለበት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከበደ የማስረዳት ሸክም ነው። አለበለዚያ ጉዳዩን ወደ ተራ ግድያ ያወርደዋል። በመሃል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ነው።

ከንፈር መምጠጥ ሰለቸኝ

ሁላችሁም የተማራችሁ ናችሁ፤ አከብራችኋለሁ። ነገር ግን ዋናው ተከሳሽ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ዚምባብዌ ተቀምጦ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ከፍ አድርጎበት፣ እስካሁን አንድ ሌሊት ወኅኒ ሳያድር የስሙ አጻጻፍ ምን ይለውጣል? እኔ ታላቅ ወንድሜን ያጣሁ ሰው ነኝ። በየትኛውም አንቀጽ ቢጠሩት እሱ አይመለስም።

የታቦር ጠበቃ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎን በክርክር ለማቃለል አልደፍርም። ስለ ማምለጡ ብቻ ግን አንድ ነገር ልበል። የቻዱ ሂሴን ሐብሬ ሴኔጋል ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል በሰላም ከኖረ በኋላ፣ ከግፉ የተረፉት ሰዎች ሳይታክቱ ስለተከታተሉት፣ በአፍሪካ ኅብረትና በሴኔጋል ስምምነት በዳካር በተቋቋመ ልዩ ችሎት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለርም ናይጄሪያ ተጠልሎ ከነበረበት ተይዞ በሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት 50 ዓመት ተፈርዶበታል። ሐራሬ ያለው ሰው እንደነሱ ይሆናል ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም። የስሙ ጉዳይ ግን እዚህም ይገባል፤ አሳልፎ የሚሰጠው አገር በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የተፈረደበት ወንጀል በእኔም ሕግ ወንጀል ነው ወይ?» የሚለውን ነው። የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋት በዓለም አቀፉ ትርጓሜ የለምና፣ የሰፋው አንቀጻችን አገር ውስጥ ሲያግዘን ድንበር ላይ ሊያሰናክለን ይችላል። ይህን የምጽፈው ከተመራቂው ወንድማችን ጋር በግማሽ እየተስማማሁ ነው።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ልጆቼ፣ እኔ የሕግ ዲግሪ የለኝም። በከተማችን ባስቻለ አንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለብዙ ዓመት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። የደርግን ወንጀሎች እንዲከስ የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዮች አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆኑ በየክልሉም በውክልና ይታዩ ስለነበር፣ እኛም ጋ መጥተው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ትልቁን መዝገብ ነው እንጂ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዱ፣ የእስር ቤት ዘበኛው የተከሰሰባቸው በየአውራጃው የነበሩት ትንንሽ መዝገቦች ይበዛሉ። በድምሩ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ተከስሶ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በሌለበት ነው።

በማስረጃነት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። በካርቦን የተገለበጠ፣ ቢጫ የሆነ ስስ ወረቀት ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። የስም ዝርዝር ይከተላል፤ ከየስሙ ትይዩ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል፤ ከሥር «አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው» ይላል። ፊርማና ማኅተም ካረፈ በኋላ «ግልባጭ» ይልና የሚላክላቸውን ክፍሎች ይዘረዝራል። እኔ በሥራዬ በየቀኑ «ግልባጭ ለ» እያልኩ እጽፍ ነበርና፣ ያንን ቃል እዚያ ወረቀት ላይ ካየሁ በኋላ ለብዙ ሳምንት ያንን መስመር ስደርስ ጣቴ ይያዝ ነበር። የገደሉት ሰዎች ደብቀው አልገደሉም፤ መዝግበው፣ አመልክተው፣ ለበላይ አሳውቀው ነው። ዐቃቤ ሕግን የረዳውም ይኸው ነው።

ስለ ስሙ ጥያቄ ግን የማጫውታችሁ አለኝ። አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በአንድ ወር ውስጥ የተገደሉባቸው ምስክር ነበሩ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ክሱ በተነበበ ዕለት፣ ዐቃቤ ሕጉ «ዘር በማጥፋት ወንጀል» ሲል፣ ከምስክሮች ወንበር ሆነው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። የተከሳሽ ጠበቃ ተነሥቶ «ሟቾቹና ተከሳሹ የአንድ ብሔር ተወላጆች ናቸው፤ የዘር ነገር እዚህ የለም» ብሎ ሲከራከር፣ እናቲቱ ፈቃድ ሳይጠይቁ ብድግ አሉና «ጌታዬ፣ ዘሬን እኮ ነው ያጠፉት፤ ከእኔ በኋላ ማን አለ?» አሉ። ሰብሳቢው ዳኛ በሥርዓቱ እንዲቀመጡ አዘዟቸው እንጂ አልተቆጧቸውም። ንግግሩ ከምስክርነት ቃል ስለማይቆጠር በመዝገቡ አልሰፈረም። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ጥያቄ አቅራቢው

እትዬ፣ ያሉት ነገር ዝም አሰኘኝ። በአማርኛ «ዘር» ማለት ልጅ፣ ተተኪ፣ ነገ የሚበቅለው ማለት እንደሆነ እያወቅሁ፣ ቃሉን የማነበው ከስምምነቱ ትርጉም ብቻ ነበር። ቢሆንም የእናቲቱ ትርጉም ትክክል የሆነው በቋንቋችን እንጂ በሕጉ አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን ሁለት ልጆችን የገደለ ሽፍታ ሁሉ ዘር አጥፊ ሊባል ነው። በአክብሮት ነው የምለው።

መምህርት ከዩኒቨርሲቲ

በዚህ ላይ ተመራቂው እውነቱን ነው። እኔም ከቃል ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር ልጨምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ርእስ «በስብእና ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች» ሲል፣ በውስጡ ያለው ሐረግ ደግሞ «በሰው ልጅ ላይ» ይላል፤ ጋዜጦች «በሰብዓዊነት ላይ» ይጽፋሉ። ስብእና ሰው መሆን፣ የሰውነት ክብር ነው። የሰው ልጅ ስንል መላው ሕዝበ ዓለም ነው። ሰብዓዊነት ሲባል ደግሞ ርኅራኄም ይገባበታል። ወንጀሉን የሚያቋቁም ሕግ የሚረቅ ከሆነ፣ አርቃቂዎቹ ከሦስቱ አንዱን መርጠው በጽኑ መያዝ አለባቸው፤ እኔ «በሰው ልጅ ላይ» የሚለውን እመርጣለሁ። አሮጌው አንቀጽ 281 በርእሱ ዘር ማጥፋትንና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን አንድ ላይ አስሮ ነበር፤ አዲሱ አንቀጽ 269 የመጀመሪያውን ብቻ አስቀረ። ይህ የርእስ መሸራረፍ ከባድ ዋጋ አስከፍሎናል።

ይርጋለም ያደግሁ

የታሪክ መምህር ነበርኩና ከደርግ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። የጦር ወንጀል ለእኛ አካባቢ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የሲዳሞ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በሚመሩት የደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ቀይ መስቀሉ እየታየ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደበ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ሆና በጋዝ ተዋግታለች። ራስ ደስታም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከተማረኩ በኋላ ተረሸኑ፤ በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥታችን አጥፊዎቹን ለማስከሰስ ብዙ ደከመ። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ግን ሥራዬ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ነው እያለ የእኛን ጉዳይ ገፋው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ጣሊያኖችን ለመክሰስ የሚበቃ ማስረጃ እንዳለ ተቀበለ። ከአሥሩ ግን አንድም ለኢትዮጵያ ግፍ ፍርድ ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ በ1950 የተፈረደበት 19 ዓመት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ ያንንም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አልታሰረበትም። ኑረምበርግ ላይ 21 ሰዎች ፊት ለፊት ሲዳኙ፣ እኛን የጎዳን ወንጀል በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሕግ፣ ፋይል ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ደርግን ራሳችን በራሳችን ሕግ መዳኘታችን፣ የስሙ ጉድለት እንዳለ ሆኖ፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባጃጅ ጠባቂ

ይቅርታ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ፒያሳ ባጃጅ እየጠበቅሁ ነው የማነበው። የአሁኑስ? በሰሜኑ ጦርነትና በሌላውም ቦታ የሆነው ወደ ዘ ሄግ ለምን አይሄድም?

መምህርት ከዩኒቨርሲቲ

ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ባልሆነ አገር ግዛት የተፈጸመን ጉዳይ በመሠረቱ የሚያየው ወይ መንግሥቱ ራሱ ሥልጣኑን ሲቀበል፣ ወይ የጸጥታው ምክር ቤት ሲመራለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳርፉርን፣ በ2011 ሊቢያን እንዲህ መርቷል፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸው አምስቱ አገሮች ካልተቃወሙ ብቻ የሚያልፍ ነው። እንደ ሩዋንዳው የአሩሻ ፍርድ ቤት ያለ ልዩ ችሎት የሚያቋቁመውም ያው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በሩ በዋናነት የሚከፈተው ከውስጥ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲወጣ ያዛል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ፖሊሲውን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አጽድቆታል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንደሚቋቋሙም በውስጡ አለ።

እዚህ ላይ ነው የጠበቃው ጥያቄ ጥርስ የሚያወጣው። በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነገ በአዋጅ ቢቋቋም፣ ከትናንት በስቲያ ለተፈጸመ ድርጊት ይሠራል ወይ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ይከለክላል። በሌላ በኩል፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 15፣ በድርጊቱ ጊዜ በሕዝቦች ማኅበረሰብ በታወቁ አጠቃላይ የሕግ መርሆች ወንጀል የነበረን ነገር መዳኘት ይህን ክልከላ እንደማይጥስ በግልጽ ይናገራል። አንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎቻችን ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ስለሚያዝ፣ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም አለ ብዬ አምናለሁ። ኑረምበርግም የተከሰሰው በዚሁ ነበር፤ ዳኞቹም የመለሱት፣ ከዚህ ሁሉ ግፍ በኋላ አጥፊውን ሳይቀጡ መልቀቅ የባሰ ኢፍትሐዊ ነው በሚል መንፈስ ነው። እኔ ግን በመንፈስ ላይ ብቻ የቆመ ክስ ይግባኝ ላይ ይፈርሳል ብዬ እሰጋለሁ።

ከንፈር መምጠጥ ሰለቸኝ

ጠበቃው ስለ ሐብሬ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወንድሜን ጉዳይ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ሄጄ አላመለከትኩም ነበር፤ እናቴ ፈርታ ከለከለችኝ። እትዬ የጠቀሱት ዓይነት ዝርዝር ላይ ስሙ ይኖር ይሆን እያልኩ ሌሊቱን አላንቀላፋሁም።

የታቦር ጠበቃ

እርስዎን ለብቻዎ በውስጥ መልእክት አገኝዎታለሁ፤ እትዬም እንደማይጨክኑብን አምናለሁ። ለክርክሩ ግን አቋሜን በአንድ ነጥብ አስተካክያለሁ። መጀመሪያ ሕጉ ትክክል፣ ስሙ ግን ስሕተት እንደሆነ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። አሁን የማስበው አሮጌው አንቀጽ ሁለት ወንጀሎችን በአንድ ኮት ውስጥ አስገብቶ እንደነበረ ነው፤ በ1996 ኮቱ ሲቀየር አንደኛው ራቁቱን ቀረ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ንባባችን የልዩነት ሐሳቡ ይሆናል። እትዬ፣ ቢመጡልን ደስታችን ነው።

መዝገብ ቤት ነበርኩ

ጉልበቴ ከፈቀደልኝ እመጣለሁ። የወንድምዎን ስምና የነበረበትን ቀበሌ ይዘውልኝ ይምጡ፤ የት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ።

አዲስ ሕግ ለምታረቁት ደግሞ አንዲት የመዝገብ ቤት ሴት ምክር ስሙ። የመዝገብ ሽፋን ላይ «የወንጀሉ ዓይነት» የሚል መስመር አለ፤ ርዝመቱ ከሁለት ቃል አያስጽፍም። «ዘር ማጥፋት» እየተጨናነቀም ቢሆን ይገባልኝ ነበር። «በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል» ግን አይገባምና፣ ሽፋኑን ስታሳትሙ መስመሩን አስረዝሙት።